ሞሪስ ኦሼይ፦ የፖኮልቢን ኮረብታ ወይን ጠማቂ

የወይን ጠጅ ሥራ በሁለት ሙያተኞች ላይ የቆመ ነው። አንደኛው ሐረጉን ተክሎ፣ ገርዞ፣ ከበሽታና ከበረዶ ጠብቆ ለፍሬ የሚያደርሰው ገበሬ ሲሆን፣ ሁለተኛው ፍሬውን ጨምቆና አብላልቶ ለመጠጥ የሚያበቃው ጠማቂ ነው። ይሁን እንጂ በብዙ አገር ስሙ በጠርሙስ ላይ የሚታተመውና በሕዝብ ዘንድ የሚታወቀው ከሁለቱ አንዱ ሳይሆን፣ የብዙ ገበሬዎችን ምርት በአንድነት አደባልቆ የሚሸጠው ነጋዴ ነው። በአውስትራሊያም እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ ሰፍኖ የኖረው ልማድ ይኸው ነበር።

ይህን ልማድ ሳይቀበል የእያንዳንዱን ቁራጭ መሬትና የእያንዳንዱን ጎረቤት ገበሬ ምርት ለየብቻው አስቀምጦ፣ ለየብቻው ስም እየሰጠ ለሠላሳ አምስት ዓመታት የሠራ አንድ ባለሙያ ነበረ። እርሱም ሞሪስ ጆርጅ ኦሼይ ነው። ዛሬ በአውስትራሊያ ልዩ ልዩ አውራጃዎች በትንሽ መጠን የሚጠምቁ ባለሙያዎች ብዙዎቹ እንደ አባት ይቈጥሩታል። በሕይወቱ ሳለ ግን የሥራውን ዋጋ የሚያውቁት ጥቂት ወዳጆቹና ጎረቤቶቹ ነበሩ። ሙያውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ገበያው የማይከፍልበትን ጥራት ይዞ እንዴት ሊኖር እንደሚችል፣ ለዚያም ሲል ምን ያህል ሊተው እንደሚገደድ የሚያሳይ በመሆኑ፣ የሕይወት ታሪኩ ከወይን ጠጅ ሥራ ውጭ ላለም ባለሙያ የሚጠቅም ቁም ነገር አለው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሸለቆውና ያለፈው ታሪኩ

ሃንተር ሸለቆ በኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት፣ ከሲድኒ ከተማ በስተሰሜን 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። አካባቢው ይበልጥ የሚታወቀው በድንጋይ ከሰል ማዕድኑ ነው። ነገር ግን ሰስኖክ ከምትባለው የማዕድን ከተማ ወጣ ብሎ፣ ብሮክንባክ ከሚባለው የተራራ ሰንሰለት ግርጌ፣ ፖኮልቢን የሚባል የገበሬዎች ቀበሌ አለ። ወይን ከአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ሲለማ የኖረው በዚህና በአካባቢው ባሉት ኮረብታዎች ላይ ነው።

የሸለቆው ወይን አመጣጥ ከአንድ ሰው ጉዞ ጋር የተያያዘ ነው። ጄምስ በዝቢ የተባለው በስኮትላንድ የተወለደ ሰው በ1831 ዓ.ም. በስፔንና በፈረንሳይ የወይን እርሻዎች ተዘዋውሮ የሐረግ ቁራጮችን ሰበሰበ። ከሁሉም የሚበዛውን ያገኘው በደቡብ ፈረንሳይ በምትገኘው በሞንፔሊዬ ከተማ ከነበረው የዕፀዋት አትክልት ቦታ ነው። ስብስቡ በ1832 ዓ.ም. ሲድኒ ደርሶ ከ350 የሚበልጡ ዓይነቶች ጸደቁ። ዋናው ስብስብ በሲድኒ የዕፀዋት አትክልት ቦታ ሲተከል፣ ከዚያው ስብስብ የተወሰደ ሌላ ክፍል በሃንተር ሸለቆ ኪርክተን በሚባለው በበዝቢ መሬት ላይ ተተከለ። ሺራዝ የተባለው ቀይ ወይንና ሴሚዮን የተባለው ነጭ ወይን የሸለቆው ዋነኛ ዓይነቶች ሆነው የቆዩት ከዚያ ዘመን ጀምሮ ነው።

የቦታው አየር ለወይን ተስማሚ ነው ለማለት አያስደፍርም። ከምድር ወገብ በስተደቡብ የሚገኝ በመሆኑ በጋው በታኅሣሥና በየካቲት መካከል ይውላል፤ ፍሬው የሚበስለውም በዚሁ ወቅት ነው። በዓመት ከሚዘንበው ወደ 750 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ውስጥ የሚበዛው ክፍል የሚወርደው ደግሞ በዚሁ የለቀማ ጊዜ ነው። ሙቀቱ ከባድ፣ እርጥበቱ ብዙ፣ በረዶውም ድንገተኛ ነው። ከሰዓት በኋላ የሚሰበሰበው ደመናና ከባሕር የሚነፍሰው ነፋስ ሙቀቱን በመጠኑ ባያበርዱት ኖሮ ወይን ተክሎ ማትረፍ ባልተቻለ ነበር።

በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በዚህ ችግር ላይ የገበያ ችግር ተጨመረበት። የአውስትራሊያ ግዛቶች በ1901 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ሲዋሐዱ በመካከላቸው የነበረው የቀረጥ አጥር ፈረሰ፤ ከደቡብ አውስትራሊያ የሚመጣው ርካሽ ወይን ጠጅም የኒው ሳውዝ ዌልስን ገበያ አጥለቀለቀ። የሕዝቡ ጣዕም ደግሞ ወደ ቢራና አልኮል ተጨምሮበት ወደ ተጠናከረው ጣፋጭ ወይን ጠጅ አዘነበለ። በ1917 ዓ.ም. ቅጠልን የሚያደርቅና ፍሬን የሚያበሰብስ የሻጋታ በሽታ በአውስትራሊያ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ፤ እርጥበት ለሚበዛበት ለሃንተር ሸለቆም ይህ ትልቅ መቅሠፍት ነበር። የፌዴራሉ መንግሥት በ1924 ዓ.ም. ወደ ውጭ ለሚላክ ወይን ጠጅ ድጎማ መስጠት ሲጀምር ተጠቃሚ የሆነው ጣፋጩና ጠንካራው ዓይነት ነበር። ቀላልና ያልጣፈጠ የገበታ ወይን ጠጅ የሚሠሩት የሃንተር ገበሬዎች ሐረጋቸውን እየነቀሉ መሬቱን ለከብት ግጦሽ ማዋል ያዙ። ኦሼይ ወደ ሸለቆው የገባው ሌሎች ለመውጣት በሚጣደፉበት በዚህ ዘመን ነው።

ከሲድኒ እስከ ሞንፔሊዬ

ሞሪስ ኦሼይ በሰኔ 13 ቀን 1897 ዓ.ም. በሰሜን ሲድኒ ተወለደ። አባቱ የአየርላንድ ተወላጅ የወይን ጠጅና የአረቄ ነጋዴ፣ እናቱ ደግሞ ፈረንሳዊት ነበረች። በቤት ውስጥ ወይን ጠጅ ከምግብ ጋር መቅረቡ ለዘመኑ አውስትራሊያውያን እንግዳ ቢሆንም፣ ለእርሱ የተለመደ ነገር ነበር። የፈረንሳይኛ ቋንቋንም ከእናቱ ወረሰ።

በ1914 ዓ.ም. የዐሥራ ሰባት ዓመት ወጣት ሳለ ለትምህርት ወደ እናቱ አገር ተላከ። ያ ዓመት የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የተነሣበት ስለ ነበረ ወጣቱ የጦርነቱን ዘመን በሙሉ በፈረንሳይ አሳለፈ። በሞንፔሊዬ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ተከታተለ፤ ከዚያም በፓሪስ አቅራቢያ በሚገኘው በግሪኞን የእርሻ ትምህርት ቤትና በሞንፔሊዬ የእርሻን፣ የወይን ተክልንና የወይን ጠጅ አሠራርን ሳይንስ ተማረ።

ሞንፔሊዬ በዚያ ዘመን የወይን ሳይንስ ዋና መናኸሪያ ነበረች። ከዚያ ግማሽ መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ፊሎክሴራ የተባለው ሥር መጣጭ ተባይ ከአሜሪካ ገብቶ የፈረንሳይን የወይን እርሻ ሲያጠፋ፣ የተባዩን ማንነት በ1868 ዓ.ም. ለይተው ካወቁት ሰዎች አንዱ የከተማዋ የዕፀዋት ሊቅ ፕላንሾን ነበር። የአውሮፓውን ወይን ቅርንጫፍ ተባዩን በሚቋቋመው በአሜሪካ ወይን ሥር ላይ አጣብቆ የማብቀሉ ዘዴ በሰፊው ከተመረመረባቸውና ለገበሬው ከተሰራጨባቸው ስፍራዎች መካከል ሞንፔሊዬ የታወቀች ናት። ስለዚህ በዚያ የተማረ ወጣት ወይን ማለት ከአፈር፣ ከአየርና ከሥሩ ጋር ተሳስሮ የሚጠና ሕያው ነገር መሆኑን ተረድቶ ይወጣ ነበር። ከዘጠና ዓመታት በፊት የአውስትራሊያ የወይን ሐረግ ከዚህች ከተማ እንደ ሄደ ሁሉ፣ አሁን ደግሞ ሐረጉን በሳይንስ ዓይን የሚያይ ሰው ከዚያችው ከተማ ወደ አውስትራሊያ ተመለሰ።

ማውንት ፕሌዘንት

ኦሼይ ወደ አገሩ በተመለሰ ጊዜ ቤተ ሰቡ በ1921 ዓ.ም. በፖኮልቢን አንድ አሮጌ የወይን እርሻ ገዛ። እርሻውን በ1880 ዓ.ም. የተከለው ቻርልስ ኪንግ የተባለ ገበሬ ነበር። ስፍራው ቀይ ሸክላማ አፈር ያለው ኮረብታ ሲሆን፣ ሺራዙ በዚያን ጊዜ አርባ ዓመት አልፎት ነበር። ኦሼይ በዚያው ዓመት ከአሮጌው እርሻ አጠገብ አዲስ ሐረግ ተከለ። በ1925 ዓ.ም. እርሻው ማውንት ፕሌዘንት ተባለ፤ ትርጓሜውም ደስ የሚያሰኝ ተራራ ማለት ነው።

ኑሮው ግን እንደ ስሙ የተደላደለ አልነበረም። መኖሪያው ቆርቆሮ የለበሰ ትንሽ ቤት ነበር። ለብዙ ዓመታት ኤሌክትሪክ ባለመግባቱ ማቀዝቀዣ አልነበረም፤ የፍሬው መጭመቂያ በእጅ የሚሠራ፣ ጭማቂውን ከበርሜል ወደ በርሜል ማዘዋወሩም የጉልበት ሥራ ነበር። ዓይኑ ከልጅነቱ ጀምሮ ደካማ ስለ ነበረ ወፍራም መነጽር ያደርግ ነበር፤ የማሽተትና የመቅመስ ችሎታው ግን የሚያስደንቅ እንደ ነበረ የሚያውቁት ሁሉ መስክረዋል። በ1920ዎቹ ዓመታት ትዳር መሥርቶ አንዲት ሴት ልጅ ቢያፈራም፣ ትዳሩ ሳይዘልቅ ቀረ። ከዚያ በኋላ ሕይወቱ በአብዛኛው በእርሻው፣ በጓዳውና በወዳጆቹ መካከል የተወሰነ ሆነ።

የፈረንሳይ ትምህርቱን እንዳለ በፖኮልቢን ላይ ለመጫን አልሞከረም። በደቡብ ፈረንሳይ በጋው ደረቅ ነው፤ በሃንተር ግን ዝናቡ በለቀማ ጊዜ ይመጣል። በሞንፔሊዬ ጠቃሚ የሆነው የቀን አቈጣጠር በዚህ አይሠራም። ስለዚህ ያመጣው ትምህርት ዋነኛ ጥቅም የሥራ መመሪያው ሳይሆን የአስተያየት ዘዴው ነበር፤ ይኸውም እያንዳንዱን ቦታ ለየብቻው መመልከት፣ የእያንዳንዱን ዓመት ምርት ለየብቻው ማጥናት፣ ከዚያም ቦታው የሚሰጠውን ሳያበላሹ መጠበቅ ነው።

የ1932 ዓ.ም. ውሳኔ

ከ1929 ዓ.ም. ጀምሮ ዓለምን ያናወጠው የኢኮኖሚ ድቀት አውስትራሊያንም ክፉኛ ጎዳት። ቀድሞውንም ጥቂት የነበሩት የገበታ ወይን ጠጅ ገዢዎች ይበልጥ አነሱ። ያረጀ ሐረግ ፍሬው ጥቂት ነው፤ የሚሰጠው ወይን ጠጅ ደግሞ ለመብሰል ዓመታት ይፈልጋል። በበርሜልና በጠርሙስ ውስጥ ተቀምጦ የሚጠብቅ ሀብት ለባለቤቱ የዕለት ገንዘብ አይሆነውም። ኦሼይ ሁለት መንገዶች ብቻ ቀሩት፤ አንደኛው እንደ ጎረቤቶቹ ሐረጉን ነቅሎ ወደ ሌላ ሥራ መዞር፣ ሁለተኛው ደግሞ የራሱ ጌታ መሆኑን ትቶ ገንዘብ ካለው ድርጅት ጋር መሻረክ ነበር።

በዚህ ጊዜ የመጣው ማክዊልያም የተባለው የወይን ጠጅ ቤተ ሰብ ነው። የቤተ ሰቡ ሥራ የተጀመረው በ1877 ዓ.ም. ሲሆን፣ በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በሪቨሪና አውራጃ ሃንውድ በተባለው ስፍራ በመስኖ የሚለማ ሰፊ እርሻ አቋቁሞ ትልቅ ድርጅት ሆኖ ነበር። ሪቨሪና ደረቅና ሜዳማ ስፍራ ነው፤ ውኃው በቦይ ይመጣል፤ ምርቱም ብዙና ከዓመት ዓመት ብዙ የማይለዋወጥ ነው። ከዝናብና ከበረዶ ጋር እየታገለ በኮረብታ ላይ ጥቂት ፍሬ ከሚለቅመው ከማውንት ፕሌዘንት ጋር የሚያመሳስለው ነገር አልነበረም። ቢሆንም በ1932 ዓ.ም. ማክዊልያሞች የእርሻውን ግማሽ ድርሻ ገዙ። በ1941 ዓ.ም. ደግሞ የቀረውን ግማሽ ገዝተው ሙሉ ባለቤት ሆኑ።

ኦሼይ በዚህ ስምምነት ርስቱን አጣ፤ ሥራውን ግን አላጣም። እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ የማውንት ፕሌዘንት ኃላፊና ጠማቂ ሆኖ ቆየ፤ የሚጠምቀውንም እንደ ቀድሞው በገዛ ፍርዱ ጠመቀ። ድርጅቱ በብዛት የሚሸጠው ጣፋጩን ዓይነት ስለ ነበረ፣ ከፖኮልቢን የሚወጣው ጥቂት ወይን ጠጅ ለትርፉ ይህን ያህል የሚያስፈልገው አልነበረም። አንድ ባለሙያ ንብረቱን ከሸጠ በኋላ በተቀጠረበት ቦታ ያለ ተቈጣጣሪ መሥራቱ በማናቸውም ዘመን ብዙ ጊዜ የሚገጥም አይደለም። ለዚህም ኦሼይ ብቻ ሳይሆን ሥራውን አይተው ያልነኩበት ባለቤቶችም ሊመሰገኑ ይገባል። ነገር ግን የተከፈለው ዋጋ መዘንጋት የለበትም። ከ1941 ዓ.ም. በኋላ ኦሼይ በገዛ እጁ የተከለው ሐረግ እንኳ የሌላ ሰው ንብረት ነበር፤ የጠመቀውም ነገር ሁሉ ወደፊት ምን እንደሚደረግ የሚወስነው ሌላ ሰው ነበር።

ስምምነቱ ያስገኘው ትልቅ ጥቅም አዲስ መሬት ነው። ሌሎች የሃንተር ገበሬዎች እርሻቸውን በሚያጠቡበት ጊዜ ኦሼይ ሁለት አዳዲስ የወይን ቦታዎችን በ1946 ዓ.ም. አስተከለ። አንደኛው ላቭዴል ሲሆን ነጩ ሴሚዮን የተተከለበት አሸዋማ መሬት ነው። ሁለተኛው ሮዝሂል ሲሆን ቀዩ ሺራዝ የተተከለበት ቀይ አፈር ነው። ቀይ ወይን በቀይ ሸክላማ ኮረብታ፣ ነጭ ወይን ደግሞ በአሸዋማው ዝቅተኛ መሬት ላይ ይሻላል የሚለው የሃንተር ገበሬዎች የቆየ ልምድ በእነዚህ ሁለት ቦታዎች ምርጫ ላይ በግልጽ ይታያል። ሁለቱም ዛሬ ድረስ ከአውስትራሊያ የታወቁ የወይን ቦታዎች መካከል የሚቈጠሩ ናቸው።

አሠራሩ

ኦሼይ ከሌሎች የሚለየው በምን እንደ ነበር ለመረዳት በዘመኑ የነበረውን የተለመደ አሠራር ማስታወስ ያስፈልጋል። አንድ ድርጅት ከልዩ ልዩ ቦታ የመጣውን ፍሬ ወይም ወጣት ወይን ጠጅ በትልልቅ ጋኖች አደባልቆ ከዓመት ዓመት የማይለወጥ ጣዕም እንዲኖረው ያደርግ ነበር። ጠርሙሱ ላይ የሚጻፈውም ቡርገንዲ፣ ክላሬት ወይም ሪስሊንግ የሚል ከአውሮፓ የተወሰደ ስም ነበር። የሃንተሩ ሴሚዮን እንኳ ለብዙ ዘመን ሪስሊንግ እየተባለ ይሸጥ ነበር፤ ሺራዙም ኤርሚታዥ ይባል ነበር። በዚህ አሠራር ገዢው ወይኑ ከየት እንደ መጣ፣ ማን እንዳመረተውና የትኛው ዓመት እንደ ሰጠው የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

ኦሼይ ግን የእያንዳንዱን ቦታ ለቀማ ለየብቻው አብላላ። አንዱ በርሜል ከሌላው የተሻለ ወይም የተለየ ሆኖ ሲያገኘው ለይቶ በማስቀመጥ ለብቻው በጠርሙስ ይሞላው ነበር። እነዚህን ጥቂት ጥቂት መጠን ያላቸውን ወይን ጠጆች የሚለይባቸው ስሞችም ነበሩት። ከኮረብታው የሚገኘውን ምርጥ ማውንቴን ብሎ በፊደል እየለየ ሲሰይመው፣ የ1937 ዓ.ም. ማውንቴን ኤ ከእነዚህ አንዱ ነው። ሌሎቹን ሪቻርድ፣ ሄንሪ፣ ስቲቨን፣ ፍሎረንስ እያለ በሰው ስም ጠርቷቸዋል። ይህ አሰያየም ለገበያ የሚመች አልነበረም፤ ምክንያቱም ገዢው የማያውቀው ስም በየዓመቱ ይመጣበታል። ለጠማቂው ግን እያንዳንዱ ስም የአንድ ቦታ፣ የአንድ ዓመትና የአንድ ውሳኔ መዝገብ ነበር።

መለየትን ቢወድም ማዋሐድን አልናቀም። ፒኖ ኗር የተባለው የቡርጎኝ ወይን በሞቃታማው ሃንተር ብቻውን አይበረታም፤ ከሺራዝ ጋር ሲዋሐድ ግን ለሺራዙ መዓዛና ልስላሴ ሲሰጠው ከእርሱ ደግሞ ኃይል ያገኛል። ኦሼይ ይህን በመረዳት የሁለቱን ውሕድ ሠራ። የማውንት ፕሌዘንት አሮጌ ፒኖ ኗር ከዚያ በኋላ በሌሎች የአውስትራሊያ አውራጃዎች በሰፊው የተሰራጨ የሐረግ ዘር ምንጭ እንደ ሆነ ይነገራል፤ ሥሩም በዝቢ ካመጣቸው ቁራጮች ይመዘዛል ይባላል።

ስለ ሴሚዮን የሚነገረው ደግሞ ለየት ያለ ነው። በሃንተር ይህ ፍሬ ዝናቡን ለማምለጥ ገና ስኳሩ ሳይበዛ ይለቀማል። በዚህም የተነሣ የአልኮል መጠኑ ብዙ ጊዜ ከመቶ 10 እስከ 11 እጅ ብቻ ነው። በወጣትነቱ ሲቀመስ ቀጭንና ኮምጠጥ ያለ፣ ሎሚ እንደ ተጨመቀበት ውኃ ያለ ነው። ዐሥር ዓመትና ከዚያም በላይ በጠርሙስ ሲቈይ ግን፣ አንዳች እንጨት ሳይነካው፣ የማርና የተጠበሰ ዳቦ መዓዛ ያመጣል። ይህን ለማየት የሚያስፈልገው ትዕግሥት ብቻ ነው። ችግሩ ግን ትዕግሥት የሚያስወጣው ገንዘብ ነበር፤ ያንን ሸክም ለመሸከም ፈቃደኛ የሆነ ነጋዴ በዚያ ዘመን የሚገኘው በጭንቅ ነው።

ጎረቤቶቹ

ኦሼይ የሠራው ብቻውን አይደለም። በፖኮልቢን የቲረል፣ የድሬይተንና የኤልየት ቤተ ሰቦች ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ በኖረ ልማድ ወይን ይተክሉና ይጠምቁ ነበር። ከእነዚህ ሁሉ የሚታወቀው ዳን ቲረል ሲሆን፣ በ1889 ዓ.ም. ገና በዐሥራ ስምንት ዓመቱ ሥራውን ተረክቦ እስከ 1959 ዓ.ም. ድረስ በሰባ የለቀማ ወቅቶች ወይን ጠጅ ጠምቋል። እንደ ዳን ያሉት ገበሬዎች ጠርሙስ ሞልተው በስማቸው የመሸጥ አቅም ስላልነበራቸው ወጣቱን ወይን ጠጅ በበርሜል ለነጋዴ ይሸጡ ነበር። ወይን ጠጁ ከጓዳቸው ከወጣ በኋላ ስማቸው ከእርሱ ጋር ይጠፋል።

ኦሼይ ከጎረቤቶቹ፣ በተለይም ከዳን ቲረል፣ ወጣት ወይን ጠጅ እየገዛ በማውንት ፕሌዘንት ያበስለው ነበር። በርሜሉን ከመግዛቱ በፊት በየጓዳው እየዞረ ይቀምሳል፤ የመረጠውንም ከሌላው ሳይቀላቅል ያስቀምጣል። የገበሬው ሥራ በዚህ መንገድ ታይቶና ተለይቶ ቆየ። ከእነዚህ ወይን ጠጆች አንዱ በወረቀቱ ላይ የቲረልን ስም የመጀመሪያ ፊደላት እንደ ያዘ ይነገራል። ይህ ለዛሬ አንባቢ ትንሽ ነገር መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን የአንድ ገበሬ ምርት ከሌላው የሚለይ ነው ብሎ መቀበል፣ ገበሬው የሚተካ ዕቃ አቅራቢ ሳይሆን ባለሙያ ነው ብሎ መቀበል ነው። የተሻለ ለሚያመርት የተሻለ መክፈልም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

እርሻው ከከተማ የራቀ ቢሆንም እንግዳ የሚጠፋበት አልነበረም። ኦሼይ ከእናቱ ወገን የወረሰውን የምግብ አሠራር ጥበብ ጠንቅቆ የሚያውቅ በመሆኑ፣ ከሲድኒ የሚመጡ ወዳጆቹን በገዛ እጁ አብስሎ ያስተናግድ ነበር። የወይን ጠጆቹ ዝና በጋዜጣ ማስታወቂያ ሳይሆን በዚህ ገበታ ዙሪያ ከአፍ ወደ አፍ ተላለፈ። እያንዳንዱ ዓይነት በመጠን ጥቂት ስለ ነበረ፣ ከእነዚህ ወዳጆች ውጭ ለሆነ ሰው የሚተርፈው እምብዛም አልነበረም።

ከሞቱ በኋላ

ሞሪስ ኦሼይ በግንቦት 5 ቀን 1956 ዓ.ም. በ58 ዓመቱ ዐረፈ። በዚያን ጊዜ የሃንተር የወይን እርሻ ከቀድሞው ስፋቱ እጅግ ቀንሶ ነበር፤ አብዛኛው የአውስትራሊያ ጠጪም ጣፋጩን ወይን ጠጅ አልተወም ነበር። ድካሙ ፍሬ ማፍራቱን ሳያይ ሞተ ለማለት ይቻላል።

ነገሩ የተለወጠው ጥቂት ዓመታት ቈይቶ ነው። በ1963 ዓ.ም. ማክስ ሌክ የተባለ የሲድኒ ቀዶ ሐኪም በፖኮልቢን አዲስ የወይን እርሻ አቋቋመ። በሸለቆው ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላ የተቋቋመ የመጀመሪያው አዲስ እርሻ ሲሆን፣ በትንሽ መጠን ለይቶ መጥመቅን ዓላማው ያደረገ ነበር። ከዚያ በኋላ በሃንተር ብቻ ሳይሆን በሌሎችም የአውስትራሊያ አውራጃዎች የራሳቸውን ፍሬ በራሳቸው ስም የሚጠምቁ ትንንሽ ባለሙያዎች በዙ። የቲረል ቤተ ሰብም ዳንን የተካው የወንድሙ ልጅ መሪ ወይን ጠጁን በቤተ ሰቡ ስም በጠርሙስ መሸጥ ጀመረ። በኦሼይ ዘመን የተጠመቁት ጠርሙሶች ደግሞ ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላ ሲከፈቱ ጣዕማቸውን ጠብቀው በመገኘታቸው ስሙ በሙያው ሰዎች ዘንድ እየገነነ ሄደ። ማክዊልያሞች በ1990 ዓ.ም. ለአውስትራሊያ ወይን ጠጅ ከፍ ያለ አስተዋጽኦ ላደረገ የሚሰጥ ሽልማት በስሙ አቋቋሙ።

በማውንት ፕሌዘንት ኦሼይን የተካው ብራያን ዎልሽ ነበር፤ እርሱንም በ1978 ዓ.ም. ፊሊፕ ራየን ተክቶት እስከ 2012 ዓ.ም. ሠራ። እንዲህ ባለው ረጅም አገልግሎት የቦታዎቹ እውቀት ሳይቋረጥ ከሰው ወደ ሰው ተላለፈ። ባለቤትነቱ ግን እንደ እውቀቱ ጸንቶ አልኖረም። በ1932 ዓ.ም. ኦሼይን ከውድቀት ያዳነው ትልቁ ድርጅት በ2020 ዓ.ም. ራሱ በዕዳ ምክንያት በሞግዚት አስተዳደር ሥር ወደቀ። በ2021 ዓ.ም. ማውንት ፕሌዘንት ከድርጅቱ ሌላ ሀብት ተለይቶ ለሌላ ቤተ ሰብ ተሸጠ። ሆኖም የ1880ው አሮጌ ኮረብታ፣ የ1921ዱ ተክል፣ ላቭዴልና ሮዝሂል በየስማቸው ይለቀማሉ፤ በየስማቸውም ይጠመቃሉ። ፊሎክሴራ ወደ ሸለቆው ስላልገባ አሮጌዎቹ ሐረጎች ዛሬም በገዛ ሥራቸው ላይ ቆመው ይገኛሉ።

የኦሼይ ሥራ ከሁሉ አስቀድሞ የመለየት ሥራ ነበር። የትኛው ኮረብታ ምን እንደሚሰጥ፣ የትኛው ጎረቤት በየትኛው ዓመት እንደ ተሳካለት ለይቶ ማወቅና የታወቀውን በጅምላ ጋን ውስጥ እንዳይጠፋ መጠበቅ ማለት ነው። በዘመኑ ለዚህ የሚከፍል ገዢ አልነበረም። መሬቱን እንኳ ለሌላ አሳልፎ ሰጥቶ ያተረፈው ይህንኑ የመለየት ነጻነት ነው። ባለቤቶች ሲፈራረቁ አዲሱ ገዢ የሚረከበው ጎተራና ጋን ብቻ ቢሆን ኖሮ ያ ኮረብታ ምናልባት ዛሬ የግጦሽ መሬት በሆነ ነበር። የተረከበው ግን ስም ያለው ቦታ ነው፤ ስም ያለውን ቦታ መንቀል ደግሞ ስም የሌለውን ከመንቀል ይከብዳል። በየሙያችን የአምራቹን ድካም ለይተን የምንመዘግብ፣ የቦታውን ጠባይ የምናጠናና ለሚመጣው ትውልድ የምናስተላልፍ ባለሙያዎች ሁሉ ከዚህ ሰው ሕይወት የምናገኘው ትምህርት ይህ ነው።